ቅዳሜ ማን ያርፋል?

አባታችንን የቀበርነው እህቴ በወለደች በ52ኛው ቀን ነው። የወለደችው ሴት ልጅ ስለሆነች 80 ቀን እስኪሞላት ቤተ ክርስቲያን አትገባም። ለፍትሐቱ ሁላችንም ስንገባ እሷ ሕፃኗን በጋቢ ጠቅልላ ከቅጽሩ በር ውጭ፣ ባሕር ዛፍ ሥር ቀረች። ማንም "አትግቢ" አላላትም። መባልም አላስፈለገም፤ የሚታወቅ ነገር ነው። ነፋሱ ወደ በሩ ሲነፍስ የካህናቱን ድምፅ ትሰማለች፣ ሲዞር ይጠፋባታል። ይህን የነገረችኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ለቅሶ ቤት ክርክር አይጠፋም። በሦስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ድንኳኑ ውስጥ ሁለት የአክስቴ ልጆች ተያያዙ። አንደኛው ጴንጤ ነው። "ይሄ እኮ ኦሪት ነው! መስቀል ላይ ያለቀለትን ነገር ነው አራስ ላይ የምትጭኑት" አለ። ሌላኛው ዲያቆን ነው፤ ማቴዎስ ምዕራፍ 5ን ጠቅሶ ጌታ ሕግን ሊፈጽም እንጂ ሊሽር እንዳልመጣ ነገረው። ያኛው ገላትያን አወጣ፣ ይሄኛው ያዕቆብን። ጎረቤታችን ንፍሮ ይዛ ስትገባ ዝም አሉ። እህቴ ከመጋረጃው ወዲያ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። "አንቺስ ምን ትያለሽ?" ብሎ የጠየቃት ግን አልነበረም። እኔም አልጠየቅኋት።

ጥያቄው ግን ከዚያ ወዲህ አልለቀቀኝም። ክርስቲያን የኦሪትን ሕግ መጠበቅ አለበት ወይስ የለበትም? ሁለቱ የአክስቴ ልጆች ሲከራከሩ መልሱ "አዎ" ወይም "አይ" የሚሆን ይመስል ነበር። ቀረብ ብዬ ሳየው ግን ሁለቱም የሚሉትን አያደርጉትም።

እስኪ ከዚያችው 80 ቀን እንነሳ። ያለችው ዘሌዋውያን 12 ላይ ነው። ወንድ የወለደች 7 ቀን፣ ከዚያ 33 ቀን፣ ድምሩ 40። ሴት የወለደች 14 እና 66፣ ድምሩ 80። ለምን እጥፍ እንደሚሆን ኦሪቱ አይናገርም። እኛ ቀኖና ውስጥ ያለው መጽሐፈ ኩፋሌ ግን ይናገራል፤ አዳም ገነት የገባው በ40 ቀኑ፣ ሔዋን የገባችው በ80 ቀኗ ነው ይላል። ደስ የሚል ትርጓሜ ነው፣ እህቴም ትወደዋለች። ግን ያው የዘሌዋውያን ምዕራፍ ሲያበቃ ሌላ ትእዛዝ አለው፤ ቀኑ ሲሞላ እናትየው ጠቦት ታምጣ፣ አቅም ካነሳት ሁለት ዋኖስ ወይም ሁለት የርግብ ጫጩት። እመቤታችንም ይህንኑ እንደፈጸመች ሉቃስ 2 ላይ ተጽፏል። እኛ ቀኑን ጠብቀን ርግቡን ተውን። "መሥዋዕቱማ በክርስቶስ ተፈጽሟል" እንላለን። እሺ፣ ይሁን። ቀኑስ? አንድ ምዕራፍ ግማሹ ተፈጽሞ ግማሹ ሳይፈጸም የሚቀረው በምን መስፈርት ነው?

ይህን ኦርቶዶክሱን ብቻ መጠየቅ ግን ፍትሕ አይሆንም። ኦሪት ተሽሯል የሚለው የአክስቴ ልጅ ከደሞዙ አሥራት ሳያወጣ አንድ ወር አያልፍም። አሥራት የማን ሕግ ሆነና? ያውም ዘዳግም 14 ላይ የየሦስተኛው ዓመት አሥራት ከሌዋዊው ጋር ለመጻተኛው፣ ለሙት ልጅና ለመበለቲቱ ይሁን ይላል፤ ይህኛው ቁጥር ሲሰበክ እምብዛም ሰምቼ አላውቅም። ሌላው ደግሞ አያቴ ናት፣ ነፍሷን ይማር። የአሳማ ሥጋ ስሙ ሲጠራ እንኳ ትተፋለች። ግንባሯ ላይ ግን የተነቀሰችው መስቀል ነበር። ዘሌዋውያን 19፥28 ንቅሳትን ይከለክላል። ለአያቴ ይህን የነገራት ሰው አልነበረም፤ ቢነግራትም መስቀሏን የምታጠፋ ሴት አልነበረችም።

ለዚህ ሁሉ የተለመደ መልስ አለ። ሕጉ ሦስት ነው ይባላል፤ የግብረ ገብ፣ የሥርዓተ አምልኮና የመንግሥት ሕግ። የመጀመሪያው ለዘላለም ጸንቷል፣ ሁለቱ አልፈዋል። ቶማስ አኩዊናስ በ13ኛው ክፍለ ዘመን በደንብ አድርጎ ያደራጀው አከፋፈል ነው፤ ከካቶሊኩ አልፎ ፕሮቴስታንቱም ወርሶታል። ለማስተማር ይመቻል። ችግሩ መጽሐፉ ራሱ እንዲህ አለመከፋፈሉ ነው። ያችኑ ዘሌዋውያን 19ን አንብቧት። ቁጥር 13 የቀን ሠራተኛ ደሞዝ እስከ ጠዋት አንተ ዘንድ አይደር ይላል። ቁጥር 18 ጌታችን ራሱ የጠቀሰው የባልንጀራ ፍቅር ነው። ቁጥር 19 ደግሞ ከሁለት ዓይነት ክር የተሠራ ልብስ አትልበስ ይላል። ሦስቱም አንድ ትንፋሽ ውስጥ ናቸው፣ መለያ መስመር የለም። መስመሩን ያሰመርነው እኛ ነን። ማስመራችን ስህተት ነው እያልኩ አይደለም፤ ሳያሰምር የኖረ ክርስቲያን አላውቅም። መርቅያን የተባለው ሰው በ2ኛው ክፍለ ዘመን ብሉይን ጠቅልሎ ልጣል ሲል ቤተ ክርስቲያን ራሱን ጣለችው። ሁሉን እንጠብቅ ያሉትንም ሐዋርያት አልተቀበሏቸውም። ስለዚህ ሁላችንም መራጮች ነን። ቁም ነገሩ በምን እንደምንመርጥና የምርጫችንን ዋጋ ማን እንደሚከፍል ነው።

የሐዋርያት ሥራ 15 ላይ ያለው ጉባኤ የገጠመው ይኸው ነበር። ከአሕዛብ ያመኑት ይገረዙ ወይስ አይገረዙ? ውሳኔው አጭር ነበር። ለጣዖት ከተሠዋ፣ ከደም፣ ታንቆ ከሞተና ከዝሙት ይራቁ፤ ሌላ ሸክም አንጭንባቸውም። (ደምና ታንቆ የሞተ ላይ ከአውሮፓ አብያተ ክርስቲያናት ይልቅ ይህን ቃል የጠበቅነው እኛ ነን። ቁርጥ እየቆረጠ ስለ ደም ሕግ የሚያስተምር ሰው ማየት ግን ሁሌም ፈገግ ያሰኘኛል።)

ለእኔ ከዚህ ውሳኔ የበለጠ የሚናገረው ጳውሎስ ያደረገው ነው። ከጉባኤው በኋላ ጢሞቴዎስን አገኘውና ገረዘው፤ ምዕራፍ 16 ላይ አለ። ገላትያ 2 ላይ ደግሞ ቲቶ እንዳይገረዝ ጸንቶ ቆመ። አንድ ሰው፣ አንድ ዓይነት ተግባር፣ ሁለት ተቃራኒ ውሳኔ። ጢሞቴዎስ እናቱ አይሁዳዊት ናት፤ መገረዙ ወደ ወገኖቹ መግቢያ ነበር። ቲቶን ግን "ካልተገረዝክ ከእኛ አይደለህም" የሚሉ ሰዎች ነበሩ የከበቡት። እኔ እንደሚገባኝ ጳውሎስ የተጣላው ከምላጩ ጋር አይደለም። የተጣላው ምላጩ በር ጠባቂ ሲሆን ነው።

ይህን ይዘን ወደ ራሳችን ታሪክ እንምጣ። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ክርክሩ ለእኛ ከውጭ የመጣ ወሬ አይደለም፤ ደም የፈሰሰበት ጉዳይ ነው። አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ቅዳሜም እንደ እሑድ ሰንበት ነው ብለው አስተማሩ። ጳጳስ የሚልክልን የእስክንድርያ መንበር ግን ይህን እንደ አይሁዳዊነት ነበር የሚያየው። አባታችን አገር ለቀው በኢየሩሳሌምና በቆጵሮስ አልፈው በ1352 አርመን አገር አረፉ። ደቀ መዛሙርታቸው ከጳጳሱ ክህነት ሳይቀበሉ፣ ተወግዘው፣ እንደ ደብረ ቢዘን ባሉ ገዳማት ጸኑ። በ1404 ዐፄ ዳዊት ቅዳሜን እንዲያከብሩ ፈቀዱላቸው። በ1450 ደግሞ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ደብረ ምጥማቅ ላይ ባደረጉት ጉባኤ ሁለቱ ሰንበታት የመላው ቤተ ክርስቲያን ሕግ ሆኑ፤ ሁለቱ ግብፃውያን ጳጳሳትም ተስማሙ። መቶ ዓመት ያህል በር ላይ የቆሙት ገቡ ማለት ነው።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን ጸጋ ዘአብ የሚባል መነኩሴ አለ፤ ስሙን ከሚገባው በታች ነው የምንጠራው። የዐፄ ልብነ ድንግል መልእክተኛ ሆኖ ከፖርቱጋሉ ቄስ ከአልቫሬዝ ጋር ተጉዞ በ1527 ሊዝበን ደረሰ። ክርስቲያን ወደ ክርስቲያን ነው የሄደው። እዚያ ያሉት የነገረ መለኮት ሊቃውንት ግን ስለ ቅዳሜ፣ ስለ ግዝረት፣ ስለ ምግብ መረመሩት። ቅዱስ ቁርባንም ተከለከለ። ዓመታት አለፉ። ዳሚያኦ ዴ ጎይሽ የሚባል ፖርቱጋላዊ ምሁር ሃይማኖቱን በራሱ አንደበት እንዲጽፍ ጠየቀው፤ ጸጋ ዘአብ ጻፈ፣ ጎይሽ ወደ ላቲን መልሶ በ1540 ሉቨን ላይ አሳተመው። ጽሑፉ ውስጥ ካለው ሁሉ እኔን የሚነካኝ የእንግዳ ቅሬታው ነው፤ ከሩቅ የመጣን የክርስቶስ ወንድም በምግብና በቀን እንዲህ ማሳደድ ምን ይባላል የሚል። መጽሐፉ ፖርቱጋል ውስጥ እንዳይሰራጭ ታገደ።

ነገሩን ልብ በሉት። ሊዝበን ላይ በር የዘጋው ሕጉን የጠበቀው ሰው አልነበረም። የዘጉት ሕጉ ተሽሯል የሚሉት ናቸው። ከዚያ በኋላ ኢየሱሳውያን አገራችን ሲገቡ የሆነውም ይኸው ነው። ዐፄ ሱስንዮስ ቅዳሜ እንዳይከበር አዘዙ፣ ካቶሊክ ሆኑ፣ ፓትርያርኩ አልፎንሶ ሜንዴዝ በ1625 መጥቶ ግዝረቱንም ሰንበቱንም ሊነቅል ተነሳ። ብዙ ሕዝብ አለቀ። በ1632 ንጉሡ ሃይማኖቱን መልሰው መንግሥቱን ለፋሲለደስ ተዉ። ጳውሎስ ቢኖር ለሜንዴዝ ምን ይለው ነበር ብዬ አስባለሁ። "ካልተገረዝክ አትገባም" እና "መገረዝ ካልተውክ አትገባም" ድምፃቸው አንድ ነው።

ከጸጋ ዘአብ በኋላና ከሱስንዮስ በፊት ዐፄ ገላውዴዎስ አሉ። በ1555 የጻፉት የሃይማኖት መግለጫ አጭርና ብልህ ነው። ሁኔታውን አትርሱ፤ ከግራኝ አሕመድ ጋር በተደረገው ጦርነት ፖርቱጋሎች ወታደር ልከው ረድተዋል፣ አሁን ደግሞ ሃይማኖታችሁን አስተካክሉ እያሉ ነው። ንጉሡ ማስቀየምም መገዛትም አልፈለጉም። ስለዚህ ሲመልሱ፦ ቅዳሜን የምናከብረው እንደ አይሁድ ውኃ ሳንቀዳ፣ እሳት ሳናነድ፣ ሳንጋግር አይደለም፤ ቅዳሴ እንቀድስበታለን፣ ማዕድ እንቋደስበታለን። ግዝረቱ የአገር ልማድ ነው፤ እንደ ፊት መበጣትና እንደ ጆሮ መበሳት። አሳማም ቢሆን የሚበላ ይበላል፣ የማይበላ ይተዋል። መልእክቱ ባጭሩ ይህ ነው።

ጎበዝ መልስ ነው። ግን አንድ ነገር ያስቸግረኛል። ጉዳዩ ልማድ ብቻ ከነበረ የኤዎስጣቴዎስ ልጆች ለምን ተሰደዱ? ለልማድ ማን አርመን ድረስ ሄዶ ይሞታል? እነሱ የእግዚአብሔር ትእዛዝ ነው ብለው ነው የተወገዙት። ገላውዴዎስ ለውጭ ሰው ሲያስረዱ ትእዛዙን ልማድ አደረጉት። እኛም እስከ ዛሬ በሁለት ምላስ እንናገራለን። ውጭ ያለ ሰው "አይሁዳውያን ናችሁ እንዴ?" ሲለን "ባህል ነው" እንላለን። ውስጥ ያለች ሴት "ለምን አልገባም?" ስትለን "ሕግ ነው" እንላታለን። ባህል ከሆነ ለአባቷ ቀብር አንድ ቀን ይላላ። ሕግ ከሆነ ደግሞ ርግቧስ የታለች?

ገላውዴዎስ ላይ ሌላም ነገር አለኝ፤ ይህኛው የታየኝ በቅርቡ ነው። እንደ አይሁድ አይደለንም፣ እንጋግራለን ሲሉ፣ ማነው የሚጋግረው?

የሰንበት ትእዛዝ ኦሪት ውስጥ ሁለት ጊዜ ተጽፏል። ዘጸአት 20 ላይ ምክንያቱ ፍጥረት ነው፤ እግዚአብሔር በሰባተኛው ቀን ዐረፈ። ዘዳግም 5 ላይ ግን ሌላ ምክንያት ይጨመራል፤ አንተም ግብፅ ውስጥ ባሪያ ነበርክ፣ ስለዚህ ባሪያህና ገረድህ እንዳንተ ይረፉ። ሁለቱም ቦታ የሚያርፉት ይዘረዘራሉ፤ ወንድ ልጅህ፣ ሴት ልጅህ፣ አገልጋይህ፣ ገረድህ፣ ከብትህ፣ መጻተኛው። (ሚስት ዝርዝሩ ውስጥ የለችም። ገበሬው አህያው ሳይቀር ሲያርፍ እሷ ምን ታደርግ ነበር? ሊቃውንቱ "አንተ" በሚለው ውስጥ አለችበት ይላሉ። ይሁንላቸው።)

ቤተ እስራኤል አገራችን ሳሉ ዓርብ ምግባቸውን አዘጋጅተው ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳቱን ያጠፉ ነበር። ቀዝቃዛ ምግብ ይበላሉ። ውጭ ላለ ሰው ጨካኝ ሕግ ይመስላል። ግን እሳት ከሌለ ምጣድ የለም፣ ምጣድ ከሌለ ምጣድ ፊት የምትቆም ሴት የለችም። እኛ እሳቱን ፈቅደን በዓሉን አደመቅነው። እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ወጡ ደርሷል፣ እንጀራው ተጋግሯል፣ ቡናው ተቆልቷል። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት የተነሳችው ቤታችን የምትሠራው ልጅ ናት። ከገጠር ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ሰንበት ቤተ ክርስቲያን የሄደችበትን ቀን ማስታወስ አልችልም። ዓረብ አገር ያሉ እህቶቻችን በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት ሲከለከሉ እንቆጣለን፤ ልንቆጣም ይገባል። እሷን ግን "ቅዳሜ ነው፣ ዕረፊ" ያላት የለም። ቀኑን አክብረን ትእዛዙ በስም የጠራትን ሰው ረሳናት። ሕግ ጠባቂ ነን የምንለው እንግዲህ እንዲህ ሆነን ነው።

የራሴን አቋም ልናገር። ቅዳሜን ማክበር፣ አሳማ አለመብላት፣ ልጅን በስምንተኛው ቀን መግረዝ ለእኔ እንደ ጢሞቴዎስ ነው። የአባቶች ትዝታ ነው፣ የመታዘዝ ደስታም አለበት፤ ማንም "ኋላቀር" ብሎ ሊያስተወኝ አይችልም። (የሴት ልጅ ግርዛትን እዚህ ውስጥ አታስገቡት። ኦሪት ውስጥ አንዲት ቁጥር የለውም።) ከእነዚህ አንዱ በር ሲሆን ግን፣ ማለትም አንድን ሰው ከእግዚአብሔር ቤት ደጅ ሲያስቀር፣ ያኔ ቲቶ ነው። ማርቆስ 5 ላይ ያለችውን 12 ዓመት ደም የፈሰሳትን ሴት አስቡ። በዘሌዋውያን 15 ከሄድን የነካችው ሁሉ ይረክሳል። እሷ ግን ልብሱን ነካች፣ እሱ አልረከሰም፣ እሷ ዳነች። ርኩሰቱ ወደ እሱ ይሄዳል ሲባል ጤናው ወደ እሷ ሄደ። እኔ ከዚህ ወዲያ ባሕር ዛፍ ሥር የሚያስቀር ምክንያት አይታየኝም።

ይህን ሁሉ አንድ ማታ ለእህቴ አነበብኩላት። የምትደሰት መስሎኝ ነበር።

"አንተ የታየህ በሩ ብቻ ነው" አለችኝ።

"ሌላ ምን አለ?"

"ዕድሜዬን ሙሉ ማንም ሥራ ያላዘዘኝ እነዚያን ቀናት ብቻ ነው። አማቴ እንኳ ቀና ብላ አታየኝም ነበር። 'አራስ ናት' ከተባለ አለቀ። ገንፎው፣ ቅቤው፣ እንቅልፉ። 80 ቀን ባይባል ኖሮ እኮ በሳምንቴ ምጣድ ፊት ነበርኩ። ለወንዱ 40፣ ለሴቷ 80 ሲባል እናንተ ንቀት ነው ትላላችሁ፤ እኔ እጥፍ ዕረፍት ነው ያገኘሁት።"

ዝም አልኩ። እሷም ትንሽ ቆየችና፣ "አባዬንም መቅበር ፈልጌ ነበር" አለች። "ሁለቱን ለምን አንድ ላይ እንዳሰሯቸው አላውቅም።"

ዲያቆኑም ጴንጤውም ይህን አላሰቡትም፤ እኔም አላሰብኩትም። ሕጉን በሙሉ ይውደቅ የሚለው ሰው ገንፎውንም አብሮ ይጥልባታል፤ ሥራ ገበታ ላይ ያለችን ሴት የሚያስተኛት እንደዚያ ያለ ቃል ከየት ያመጣላታል? ሕጉ እንዳለ ይጽና የሚለው ደግሞ በሩን ይዘጋባታል። እሷ የምትፈልገው አከፋፈል አኩዊናስ ጋ የለም፣ ገላውዴዎስም ጋ አላገኘሁትም።

80ው ቀን ሲሞላ ልጅቷ ክርስትና ተነሳች። አባታችንን ከቀበርን ልክ አራት ሳምንት ሆኖ ነበርና ያም ቀን ቅዳሜ ነው። እህቴ ነጭ ለብሳ ሕፃኗን ይዛ በሩን አልፋ ገባች፤ ቅዳሴው ካበቃ በኋላ ብቻዋን ወደ አባታችን መቃብር ሄዳ ቆየች። ቤት ስንመለስ እንግዳ ሞልቷል። የቤታችን ልጅ ማታውን አልተኛችም፤ ዓይኗ በጭስ ቀልቷል። እህቴ ሕፃኗን ለእናቴ ሰጥታ ነጠላዋን አደገደገችና ወጥ ቤት ገባች። ልጅቷን በርጩማ ላይ አስቀምጣ ማማሰያውን ከእጇ ስትቀበላት በበሩ ይታየኛል።

እኔ ሳሎን ከዲያቆኑ የአክስቴ ልጅ ጋር ስለ ደብረ ምጥማቅ ጉባኤ እያወራሁ ነበር።